ሆድና ጀርባ የሆኑ ወንድማማቾችን መድረክ ላይ ለማውጣት፦ ለጅማ የቲያትር ክበቦች ዝርዝር መመሪያ

ክበቦቻችን በሚጽፉት ኮሜዲ ላይ ሁለት ወንድማማቾች አይጠፉም። አንዱ ጨዋ፣ ሌላው ዱርዬ። አንዱ ያጠናል፣ ሌላው ይጠጣል። መጨረሻ ላይ ዱርዬው ያለቅሳል፣ እናት ታቅፈዋለች፣ መጋረጃ ይዘጋል። ተመልካቹ ግን ገና በአሥር ደቂቃው ማን ምን እንደሚል ገብቶታል። ስልኩን ያወጣል።

ወንድማማቾቹ በደንብ ተለያይተዋል። ግን አንዱ ሁልጊዜ ትክክል፣ ሌላው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው። እንዲህ ከሆነ ክርክር የለም። ክርክር ከሌለ ደግሞ ሳቁ ከየት ይመጣል?

ይህንን ሥራ አሳምሮ የሠራ አንድ የጥንት ኮሜዲ አለ፤ የሮማዊው ቴሬንስ «ወንድማማቾቹ»። ቴሬንስ ከሰሜን አፍሪካ በባርነት ሮም ገብቶ በኋላ ነፃ የወጣ ሰው ነው ይባላል። ስድስት ኮሜዲዎች ጽፏል፣ ስድስቱም እስከ ዛሬ አሉ። ይኸኛውን ከግሪካዊው ሜናንደር ወስዶ እንደገና ሠራው፤ የታየውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ዓመት፣ ለሉሲየስ ኤሚሊየስ ፓውሉስ መታሰቢያ በተዘጋጀው የቀብር ትርዒት ላይ ነው። በዚህ መመሪያ እሱን እየፈታን ወደ ጅማ እናመጣዋለን።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ዴሜያ ገጠር ይኖራል፤ ያርሳል፣ ይቆጥባል፣ ይቆጣል። ወንድሙ ሚኪዮ የከተማ ሰው ነው፤ ሚስት የለውም፣ ገንዘብ አለው፣ ማንንም አያስቀይምም። ዴሜያ ከሁለቱ ልጆቹ ትልቁን ኤስኪነስን ለሚኪዮ ሰጠ። ትንሹን ክቴሲፎን ራሱ አሳደገ። አንድ ቀን ኤስኪነስ የአንድ የሴት ደላላ ቤት በር ሰብሮ አንዲት ሙዚቀኛ ልጅ ይዞ ወጣ ተባለ። ዴሜያ «አላልኩህም?» ብሎ መጣ። እውነቱ ግን ልጅቷን የወደዳት ጨዋው ክቴሲፎ ነው። ኤስኪነስ ስሙን ያጠፋው ለወንድሙ ብሎ ነው።

ልጅን ለወንድም ሰጥቶ ማሳደግ ለጅማ ተመልካች ማብራሪያ አይፈልግም። ጉዲፈቻ ያለበት አገር ነው። (የሮማው ተመልካችም አልተቸገረም። የትርዒቱን ወጪ የሸፈኑት ሁለቱ የፓውሉስ ልጆች ራሳቸው ለተለያየ ቤተሰብ የተሰጡ ወንድማማቾች ነበሩ።) ስለዚህ ለእኛ ምሳሌ ይህን ያዙ። ታላቁ ጋሽ መንገሻ ማና ላይ ቡና አላቸው። ታናሹ ጋሽ በላቸው ጅማ መርካቶ አካባቢ የቡና መጋዘን አላቸው። ከመንገሻ ልጆች ዳዊት ለአጎቱ የተሰጠው፣ ናትናኤል ገጠር የቀረው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ሲሳይ ይባላል።

1. ሁለቱን በአንድ ጥያቄ እሰሯቸው

ዴሜያና ሚኪዮ የሚጣሉት በአንድ ነገር ነው፤ ልጅ የሚያድገው በፍርሃት ነው ወይስ በፍቅር? አንዱ ሀብታም ሌላው ቆጣቢ መሆኑ፣ አንዱ ከተሜ ሌላው ባላገር መሆኑ ለዚህ ጠብ ማገዶ ነው እንጂ ጠቡ አይደለም። ሚኪዮ ገና መጀመሪያ ላይ ብቻውን ወጥቶ ክርክሩን ያስረዳል። ቅጣት ፈርቶ ጨዋ የሚሆን ልጅ የሚጠነቀቀው ይታወቅብኛል ብሎ እስካሰበ ድረስ ነው። አይታወቅብኝም ካለ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። ጥሩ ክርክር ነው። ተመልካቹ ራሱን እየነቀነቀ ሳለ ዴሜያ እያለከለከ ይደርሳል፤ ልጅህ በር ሰበረ፣ ሰው ደበደበ፣ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።

አያችሁ? ሐሳቡ ገና ከአፉ ሳይወጣ ማስረጃው መጣበት። የእናንተም መክፈቻ እንዲህ ቢጣደፍ ጥሩ ነው።

ለመለማመድ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ መንገሻ፣ በቀኝ በላቸው። ከዚያ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሁኔታ ስጧቸው። ልጁ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገባ። ልጁ ትምህርት ትቼ ባጃጅ ልግዛ አለ። ጎረቤት ልጁን ሊከስ መጣ። ልጁ አምስት ሺህ ብር ጠየቀ። ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ። ሁለቱም ሊሉት የሚችሉት ነገር ከሆነ ሰርዙት። የመጨረሻውን እኛ እንሞክረው።

መንገሻ፦ አምስት ሺህ ብር? ለምኑ ነው?

በላቸው፦ አልጠየቅኩትም።

መንገሻ፦ ሰጥተኸው አልጠየቅከውም!

በላቸው፦ ጋሼ፣ ብጠይቀው ይዋሸኝ ነበር። አሁን የሄደብኝ አምስት ሺህ ብር ነው። ያኔ ውሸቱም ይጨመርበት ነበር።

መንገሻ፦ የኔ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ገንዘብ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህቺ የመጨረሻዋ መስመር ብቻዋን አታስቅም። ተመልካቹ ናትናኤል ከአባቱ ጎተራ ሁለት ጆንያ ጀንፈል አውጥቶ መሸጡን አስቀድሞ ካየ ግን አዳራሹ ቀውጢ ይሆናል። ይህን ወደ ሦስተኛው ደረጃ አቆዩት።

2. ለሁለቱም እውነት ስጧቸው፣ ለሁለቱም ነውር

ከባዱ ይህ ነው። ጸሐፊው ወጣት ስለሚሆን ሳይታወቀው ለደጉ አጎት ያደላል። ቁጡው አባት የቀልድ ማስፈራሪያ ይሆናል። ፋራ፣ ጯሂ፣ ምንም የማይገባው።

ቴሬንስ እንዲህ አላደረገም። ዴሜያ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሠርቶ፣ ቆጥቦ ያረጀ ሰው ነው። የቆጠበውም ለልጆቹ ነው። ሚኪዮ በተቃራኒው ደግነቱ ምንም አላስከፈለውም። ሚስት የለችውም፣ ማረሻ አልጨበጠም፣ ልጁንም ያገኘው ወንድሙ ወልዶለት ነው። ገንዘብ ላለው ሰው ደግ መሆን ምን ይከብዳል? ደግሞም ሚኪዮ መወደድ ይወዳል። ይህ ነውሩ ነው። ከደግነቱ የተለየ ሌላ ጉድፍ ፈልጋችሁ አትለጥፉበት፤ ነውሩ ከዚያው ከደግነቱ ይውጣ። የዴሜያም እንዲሁ። ጠንቃቃነቱ ነው ዓይኑን የጋረደው፤ ልጄን አሳምሬ ስለያዝኩ አያጠፋም ብሎ አምኗል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጽሑፋችሁን አንብቡና ቁጡው ወንድም በእውነት የሚረታበት አንድ ትዕይንት ፈልጉ። ከሌለ ጻፉለት። ለምሳሌ መንገሻ እንዲህ ይበል፦ «ቡናዬን በብርድ ጠብቄ፣ ለቅሜ፣ አድርቄ የሸጥኩት ለአንተ መጋዘን ነው። ያንተ ደግነት ከኔ ጆንያ ነው የሚወጣው።» በላቸው መልስ አይኑረው። ዝም ይበል። እዚህ ላይ ተመልካቹ አይሳቅ፤ ግድ የለም።

ሌሎች ጸሐፊዎች ይህን ሚዛን በየራሳቸው መንገድ አዛብተውታል። ፈረንሳዊው ሞልየር እ.ኤ.አ. በ1661 «የባሎች ትምህርት ቤት» ላይ ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እህትማማቾችን ሲያሳድጉ ያሳያል። እዚያ አጥባቂው ታናሹ ነው፣ ለቀቅ ያለው ታላቁ። አጥባቂው መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ይዋረዳል። ያስቃል፣ ግን ፍርዱ ቀድሞ የተቆረጠ ነው። አየርላንዳዊው ሸሪዳን እ.ኤ.አ. በ1777 ደግሞ «የሐሜት ትምህርት ቤት» ላይ በአፉ ቅዱስ የሆነውን ጆሴፍንና ገንዘብ የሚበትነውን ቻርልስን አቁሞ አጎታቸው ማንነቱን ደብቆ እንዲፈትናቸው ያደርጋል። ቻርልስ የዘር ማንዘሩን ሥዕል ሁሉ ሸጦ የአጎቱን ሥዕል ብቻ አልሸጥም ይላል። የሚገርም ትዕይንት ነው፤ ክርክር ግን አይደለም፣ ፈተና ነው። ለእኛ የሚሻለው የቴሬንሱ ነው ባይ ነኝ።

3. ማን ምን መቼ ያውቃል?

ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፉ። ከላይ ትዕይንቶቹን፣ ከጎን የሰዎቹን ስም ጻፉ። «ልጅቷ የናትናኤል ወዳጅ ናት» የሚለውን ምስጢር ማን በየትኛው ትዕይንት እንደሚሰማ ምልክት አድርጉ። ተመልካቹንም እንደ አንድ ሰው ጻፉት፤ ከሁሉም ቀድሞ ምልክት ይደረግለት። መንገሻ የመጨረሻው ይሁን።

በቴሬንስም እንዲሁ ነው። ተመልካቹ ገና በጠዋቱ ያውቃል። ዴሜያ ሁሉንም ነገር ቀድሞ የሰማ እየመሰለው መጨረሻ የሚሰማው እሱ ነው። ምስጢሩን ለመጨረሻ «ሰርፕራይዝ» ብላችሁ ብታስቀምጡት በየመንገዱ የሚገኘውን ሳቅ ሁሉ ትከስራላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በጥንቱ ጽሑፍ ኤስኪነስ አንዲት የድሃ ልጅ በሌሊት ደፍሮ አስረግዟል፤ በኋላ አገባታለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ይህን እንዳለ አታምጡት። አስገድዶ መድፈር በኮሜዲ ውስጥ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዳዊት ከጎረቤት ካለችው ባል የሞተባት ሴት ልጅ ጋር በድብቅ ቃል ተገባብቷል፣ አርግዛለች፣ ለአጎቱ ለመንገር ግን አፍሯል ብትሉ ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም የበላቸው ክርክር ላይ ጥሩ ጥያቄ ይመጣል። ምንም የማይቆጣ አጎት እያለው ይህ ልጅ ለምን ደበቀው?

4. በመካከላቸው የሚመላለስ አንድ ተንኮለኛ አስገቡ

ሁለት ወንድማማቾች ፊት ለፊት ብቻ እየተገናኙ አንድ ሰዓት ቢከራከሩ ይሰለቻል። ቴሬንስ ሲሩስ የሚባል አገልጋይ አለው። የኮሜዲው ሞተር እሱ ነው። ከሁለቱ ትዕይንቶቹ መማር ስላለብን እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

የመጀመሪያው። ዴሜያ ልጁ ክቴሲፎ ወደዚህ ጣጣ መግባቱን ጠርጥሮ ይመጣል። ሲሩስ ምን ይለዋል? ልጅህማ ወንድሙን በአደባባይ ሲገስጸው ነበር፣ አባቱን መሰለ ያስብል ነበር ይለዋል። ዴሜያ በደስታ ያለቅሳል። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ የአስተዳደግ ዘዴውን ያብራራል፤ ልጄን የሰዎችን ሕይወት እንደ መስታወት እንዲመለከት አዘዋለሁ፣ ይህን አድርግ፣ ከዚህ ሽሽ እለዋለሁ። ሲሩስ በአክብሮት ይሰማና እኔም ወጥ ቤት ያሉትን እንዲሁ ነው የማስተምራቸው ይላል። ይህ ጨው በዝቶበታል፣ ይህ አርሯል፣ ይህ በደንብ አልታጠበም፣ ይህ ጥሩ ነው፣ ሌላ ጊዜም እንዲሁ አድርጉ። ሳህኖቹንም እንደ መስታወት እንዲመለከቱ አዛቸዋለሁ።

ልብ በሉ፤ ሲሩስ አንድም ስድብ አልተናገረም። የዴሜያን ንግግር ቅርጹን ሳይነካ ወጥ ቤት ላይ አዋለው፣ አለቀ። የእኛው ሲሳይ ቡና ላይ ያውለው። መንገሻ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሰብኮ ሲጨርስ ሲሳይ እጁን አጣምሮ ይቁም። «እውነትዎን ነው ጋሼ። እኔም እዚህ መጋዘን ቡና ለቃሚዎቹን እንዲሁ ነው የምላቸው። ይቺ ጥቁር ናት፣ አውጧት። ይቺ ተሰብራለች፣ አውጧት። ይቺ ደህና ናት፣ እሷን ምሰሉ።» ሲሳይ በጣም ጨዋ፣ በጣም ቁምነገረኛ መሆን አለበት። ተዋናዩ ለተመልካቹ ዓይኑን ከጠቀሰ ቀልዱ ሞተ።

ሁለተኛው የመንገድ ማሳሳቻው ነው። ዴሜያ ወንድሙን ሲፈልግ ሲሩስ አቅጣጫ ይነግረዋል። ገበያው አጠገብ ያለውን መተላለፊያ ታውቃለህ? በዚያ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል፣ ትንሽ ቤተ ጣዖት፣ አጠገቧ የዱር በለስ። ዴሜያ ያቺ መንገድ እኮ መውጫ የላትም ይለዋል። ሲሩስም ለካ ተሳስቻለሁ ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። በመጨረሻ አንድ የእንጨት ሠራተኛ ጋ ይልከዋል፤ ወንድምህ የኦክ እንጨት እግር ያላቸው መቀመጫዎች እያሠራ ነው ብሎ።

ይህን ሥራ ለጅማ ባለሙያ ስጡት፤ ጋሽ በላቸው ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሊያሠሩ ሄደዋል። መንገዱን ደግሞ ከተማውን በሚያውቅ ሰው እዝነ ኅሊና ጻፉት። ሲሳይ መንገሻን ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ አወይቱ ድልድይ፣ ከድልድዩ መልሶ ወደ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ ጅሬን ዳገት አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ይላካቸው። በእግር። «ባጃጅ ልያዝ?» ሲሉ «ኧረ ጋሼ፣ ምን ያህል ርቀት ነው ብለው ነው» ይበላቸው። ተመልካቹ እያንዳንዱን ቦታ ያውቀዋል፣ ዳገቱን በእግሩ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ መንገሻ በገቡ ቁጥር አቧራው ይጨመር፣ ጫማቸው ይክበድ። ምንም መናገር አያስፈልጋቸውም።

የጸሐፊዎች ፈተና፦ ሲሳይ የሚዋሸው ሁሉ መንገሻ ማመን የሚፈልጉትን ነገር መሆን አለበት። ውሸቱ የሚሠራው ሰውየው ሞኝ ስለሆኑ አይደለም።

5. መድረኩ ላይ ለቁጡው ወንድም በር አትስጡት

የሮማው መድረክ መንገድ ነው፤ ከበስተኋላው የቤት በሮች አሉ። በዚህ ኮሜዲ አንዱ በር የሚኪዮ፣ ሌላው የድሃዋ ባልቴት ነው። ዴሜያ መድረክ ላይ ቤት የለውም። እርሻው ከመድረክ ውጭ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ የሰው በር ያንኳኳል።

ይህን ያለ ገንዘብ መሥራት ትችላላችሁ። የትምህርት ቤት አዳራሽ ይሁን የወጣት ማዕከል፣ ሁለት የበር ፍሬምና በመካከላቸው አንድ ቆርቆሮ አጥር ይበቃል። የግራው መውጫ ወደ ማና፣ የቀኙ ወደ መርካቶ። ማንም ይህን እንዳያፋልስ፤ ተመልካቹ በሁለተኛው ትዕይንት ይለምደዋል።

ልብስ ላይ አታካብዱ። መንገሻ ቦቲ ጫማና ዱላ፣ በላቸው ንጹሕ ነጠላ ጫማ። የመንገሻን የገጠር አነጋገር ግን መሳቂያ አታድርጉት። አፋን ኦሮሞ እየቀላቀሉ ቢናገሩ ያምርባቸዋል፣ የአገሩ ወግ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከማናና ከሰቃ የመጡ አባቶች ይኖራሉ፤ የሚስቁት በአቋማቸው ይሁን እንጂ በአፋቸው አይሁን።

የአጠራሩ ነገር ግን ይጠቅማችኋል። በላቸው ታላቁን «ጋሼ» ብለው በአንቱታ ይናገራሉ። በጠቡ መሃል አንድ ጊዜ ብቻ «አንተ» ይውጣቸው። አንድ ጊዜ። ሁለቱም ይደንግጡ።

6. ቦታ አለዋውጧቸው

ብዙ ክበቦች ምስጢሩ ሲወጣ ቲያትሩ አለቀ ይላሉ። ቴሬንስ ዋናውን ነገር የሚጀምረው እዚያ ነው። ዴሜያ እውነቱን ሰምቶ ብቻውን ይቀራል። ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆች ስለፋ ኖርኩ፣ ያተረፍኩት ጥላቻ ነው፤ እሱ ምንም ሳይለፋ ፍቅሩን ወሰደ ይላል። እንግዲያው እኔም ደግ ልሁን።

ከዚያ ደግ ይሆናል። በወንድሙ ገንዘብ! ሙሽራይቱ በመንገድ ከምትመጣ በሁለቱ ቤት መካከል ያለውን ግንብ አፍርሱት ይላል። አገልጋዩ ነፃ ይውጣ፣ ሚስቱም ትውጣ፣ ብድርም ይሰጠው። ለባልቴቷ ዘመድ መሬት ይሰጥ። ሚኪዮም ባልቴቷን ያግባ። ሚኪዮ በ65 ዓመቴ ሙሽራ ልሁን? ይላል። ኤስኪነስ ይለምነዋል። እምቢ ማለት ለምዶ አያውቅም፣ ስለዚህ እሺ ይላል።

በጅማ፣ ቆርቆሮ አጥሩ እውነት መድረኩ ላይ ይፍረስ። ድምፁ ብቻ ይበቃል። መንገሻ ለሲሳይ የመጋዘኑን ባጃጅ ይስጡት። እያንዳንዱ ስጦታ ከፊተኛው ይብለጥ፣ በመካከሉም ትንፋሽ አይኑር። በላቸው በእያንዳንዱ «እሺ» ላይ ድምፃቸው እየቀነሰ ይሂድ። እዚህ ላይ ፍጥነት ካጣችሁ ተመልካቹ ለበላቸው ማዘን ይጀምራል፣ ሳቁም ይቆማል።

መጨረሻ ላይ ሚኪዮ ምን ነካህ? ሲለው ዴሜያ ይመልሳል፤ የሚወዱህ ትክክል ስለኖርክ እንዳልሆነ፣ ሁሉንም እሺ ስለምትል እንደሆነ ላሳይህ ነው። ከዚያ ወደ ኤስኪነስ ዞሮ የሚመክርና የሚያርም፣ ሲገባም የሚደግፍ ከፈለጋችሁ ይኸው አለሁ ይላል። ኤስኪነስ በሁለቱም ስም እሱን ይመርጣል። ዴሜያም ክቴሲፎ ልጅቷን ይውሰድ፣ ግን እሷ የመጨረሻዋ ትሁን ይላል።

ዴሜያ በእውነት ተለወጠ ወይስ ወንድሙን ቀጣ? ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አዘጋጁ ግን ከልምምድ በፊት መወሰን አለበት፤ ተዋናዩ ሁለቱንም አንድ ላይ ሊጫወት አይችልም። እኔ ብቻውን ሲናገር ከልቡ እንዲሆን፣ ስጦታው ሲጀመር ቂሙ እንዲጣፍጠው፣ ልጆቹ ሲመርጡት እንዲደነግጥ አደርገው ነበር።

7. ልምምድ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ልምምድ አትጀምሩ። የቡና ለቀማ ነው፤ ግማሹ ተዋናይ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፣ ተመልካቹም አይመጣም። ከጥር በኋላ ይሻላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቁልፍ ትዕይንቶችን በቀን ብርሃን ሊታዩ እንዲችሉ አድርጋችሁ አዘጋጁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ወንድማማቾች ገጸ ባሕርይ ይቀያየሩ። የመንገሻ ተዋናይ የበላቸውን ክርክር ይናገር፣ የበላቸውም የመንገሻን። ሁለቱም ራሳቸውን አምነው መናገር ካልቻሉ ችግሩ ተዋናዮቹ ጋ አይደለም፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሳችሁ ጽሑፉን አስተካክሉ። የስጦታውን ትዕይንት ለብቻው፣ በየቀኑ፣ በሩጫ ተለማመዱት። የሲሳይን መንገድ ደግሞ አንድ ቀን ተዋናዮቹ በእግራቸው ይሂዱት። ጅሬን ሲደርሱ የመንገሻ ተዋናይ እንዴት እንደሚቆም፣ ወገቡን የት ላይ እንደሚይዝ አዘጋጁ በማስታወሻው ይጻፍ።

ከመክፈቻው በፊት አንድ ልምምድ ላይ አባቶችንና ወጣቶችን ጋብዙ፤ ለየብቻ አስቀምጧቸው። አንዱ ወገን ብቻ የሚስቅበትን መስመር ምልክት አድርጉ። በጠቅላላው ሳቁ ወደ አንድ ወገን ካደላ ለተሸነፈው ወንድም አንድ ተጨማሪ መልስ ጻፉለት።